ጥሬ ሽምብራና የተገጠመ ጥርስ

በሰው ቤት ቀንቼ አላውቅም። በሰው ማኪናም ቢሆን ብዙ አልቀናም፤ ማኪና ይሰበራል፣ ቤት ያፈሳል፣ ባለቤቱ ሲያማርር ሰምቼ እጽናናለሁ። በሰው ጥርስ ግን ቀንቻለሁ። ከዓመት በላይ፣ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ አመሻሽ ላይ እስክዘጋ፣ በአንድ ሰው አፍ ቀናሁ።

ሰውየው ጎረቤቴ ነው። ጎንደር አራዳ ውስጥ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት መንገዱን ተሻግሮ፣ እንደኔው ሽምብራና ባቄላ ይነግዳል። ሐጂ እንለዋለን። እኩያሞች ስለሆንን አንቱ አልለውም፤ እሱም አይለኝም። እኔ ስከፍት ይከፍታል፣ እሱ ሲዘጋ እዘጋለሁ። የሱ ደንበኛ ወደኔ በር ካየ ሐጂ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ የኔ ደንበኛ ወደሱ ካየ እኔ እጠርጋለሁ። እንዲህ ተዋደን ነው የምንኖረው።

ወደ ጥርሱ ከመሄዴ በፊት፣ ጥርስ ለእኛ ሥራ ምን እንደሆነ ልናገር። ሽምብራ የሚወቃው ከጥምቀት ወዲያ ነው። ገበሬው ወቅቶ ብዙም ሳያሰጣው ወደ ማክሰኝት ገበያ ያመጣዋል፤ እርጥብ ሽምብራ ሚዛን ላይ እንደሚከብድ ከእኔ የበለጠ ያውቃል። አንተ ደግሞ እርጥቡን ገዝተህ መጋዘን ካስገባህ በሳምንቱ ይሞቃል፣ ያልበዋል፣ ከዚያ ይሻግታል። ስለዚህ መለየት አለብህ። እጅህን ጆንያ ውስጥ ብትከት፣ በማለዳው ብርድ ሁሉም ሽምብራ ቀዝቃዛ ነው። ደግሞም እጅህ የነገረህን የሰማኸው አንተ ብቻ ነህ፤ ሻጩ «ውሸት ነው» ካለ አለቀ። ጥርስ ግን ምስክር አለው። አንዷን ፍሬ በፊት ጥርስህ ይዘህ ጫን ስትል፣ የደረቀች ከሆነች «ቋ» ትላለች። ዙሪያውን የቆመ ሁሉ ይሰማል። እርጥብ ከሆነች ዝም ብላ ትጨፈለቃለች። ቋ ካለች ዋጋ ይቆረጣል፤ ዝም ካለች ገበሬው አቀርቅሮ የጆንያውን አፍ መልሶ ያስራል። ክርክር የለም።

በዚያ ገበያ ነካሹ እኔ ነበርኩ። ሻጭና ገዢ አልግባባ ሲሉ «አያ፣ እስቲ ይንከሱልን!» እያሉ ከወዲያ ማዶ ይጠሩኛል። የራሴን ሥራ ትቼ እሄዳለሁ። ሰው ክብ ሠርቶ ይቆማል፣ እኔ ፍሬዋን በሁለት ጣቴ ከፍ አድርጌ አሳያለሁ፣ እነክሳለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሰው ነኝ። ሹመት የለኝም፣ በእድር እንኳ ከድንኳን ተካይነት ከፍ ብዬ አላውቅም። ያለችኝ ክብር ያቺ ነበረች።

ችግሩ፣ ክብሬ የቆመችው በሁለት ጥርሶች ላይ መሆኑ ነው። መንጋጋዎቼ ከአርባ ዓመቴ ጀምሮ አንድ በአንድ ተሰናብተውኛል። ከፊትም ከላይ አንዷ፣ ከታች ደግሞ ከሷ ጋር የምትገጥመው አንዷ ብቻ ደህና ነበሩ። ለሽምብራ ይበቃሉ። ሐጂማ ከኔም የባሰ ነበር፤ ከፊት ላይኛው ድዱ ባዶ ነው። ገበያ ስንሄድ ከጎኔ ቆሞ የኔን «ቋ» ሰምቶ ይገዛል። በዚህ ብዙ ደስ ይለኝ ነበር። ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል፤ እኔ ደግሞ ሆን ብዬ አስቀዋለሁ።

አንድ ክረምት ሐጂ አዲስ አበባ ልጁ ዘንድ ሄደ። መጣ፣ እንደገና ሄደ። ወራት እንዲህ ሲመላለስ ከርሞ በኅዳር ላይ ሲመለስ ሱቁን ከፍቶ ወደኔ ዞር አለና ሳቀ። እጁ ግን ወደ አፉ አልሄደም።

«ምነው ሐጂ፣ አፍህ ውስጥ መብራት አስገባህ እንዴ?» አልኩት።

«ብሎን ነው፤ አጥንት ውስጥ ነው የሚያስሩት» አለኝ። «ሌላው ሰውነቴ ሲያልቅ እሱ ይቀራል።»

«ያማል?»

«ለሚፈራ ያማል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐጂ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ደጃፍ ወንበር አውጥቶ ቆሎ ይበላ ጀመር። ድሮ ቆሎ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ሰው! ገብስ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ፣ ሁሉን ቀላቅሎ በኪሱ ይዞ፣ ገዢ ሲጠፋ ወደኔ እያየ ይቆረጥማል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ባጃጅ ካላለፈ በቀር ድምፁ አንድም ሳይቀር ይደርሰኛል። እኔ ባለቤቴ የቋጠረችልኝን በሶ እየጠቀለልኩ እውጣለሁ። በሶ ድምፅ የለውም።

«ቅመስ እንጂ!» ይለኛል እፍኙን እየዘረጋ።

«ጾም ነኝ።»

«ቆሎ ጾም ይገድፋል እንዴ?»

በዚያ ዓመት የሽምብራ ገበያ ሐጂም መንከስ ጀመረ። እኔ ከነከስኩ በኋላ ይነክሳል፤ የሱ «ቋ» ከኔ ይጮሃል። ደግሞ ሲነክስ ከንፈሩን ገለጥ ያደርገዋል፣ ሰው ነጩን እንዲያይለት። ሁለት ሦስት ገበያ እንዲህ ሆነ። በአራተኛው፣ ማዶ ጠብ ተነሥቶ እኔ ልነሣ ጋቢዬን ሳስተካክል «ሐጂን ጥሩልን!» ሲሉ ሰማሁ። ተቀመጥኩ። ጋቢዬን እንደገና አስተካከልኩ፣ ለሌላ ነገር የተነሣሁ ለመምሰል። የሚያናድደው ደግሞ አለመሳሳቱ ነው። ደረቅ ያለው ደረቅ፣ እርጥብ ያለው እርጥብ ሆኖ ይገኛል። ያ ብሎን ምን ዓይነት ብሎን ነው እያልኩ ብዙ አሰብኩ።

በቀጣዩ ጥቅምት የኔ ላይኛዋ ጥርስ አበጠች። አራዳ ያለች አንዲት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ አስነቀልኳት። ሐኪሟ በጋዜጣ ቁራጭ ልትጠቀልልልኝ ነበር፤ ኪሴ ከተትኳት። ለማንም አልተናገርኩም። በታኅሣሥ የባቄላ ገበያ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ አፌን በፎጣ ጠቅልዬ ዋልኩ። ጉንፋኑ እስከ ጥምቀት አልለቀቀኝም። ሐጂ በመንገዱ ማዶ ሆኖ «ዝንጅብል ጠጣ» እያለ ይመክረኛል፤ እንዳወቀብኝ አውቃለሁ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ሰኞ ፎጣውን ፈትቼ ሐኪሟ ዘንድ ተመለስኩ። ልጄ ልትሆን የምትችል ናት። በትንሽ መስታወት አፌን ዞር ዞር ብላ አየችና ወንበሩን ቀና አደረገችልኝ።

«አባባ፣ እንዲሁ ክፍቱን መተው ይቻላል፤ መተካት ከፈለጉ ግን ሦስት መንገድ አለ» አለች። «አንዱ ድልድይ የምንለው ነው። ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ጥርሶች ሞርደን፣ አዲሱ እነሱ ላይ ተደግፎ ይቆማል። ግን ደጋፊዎቹ ጠንካራ መሆን አለባቸው። የእርስዎ ጎረቤቶች ሁለቱም ይነቃነቃሉ።»

በጎረቤት መደገፍ ድሮም አይሆንልኝም። «ሌላስ?»

«አጥንት ውስጥ የሚተከል አለ። ብሎን የመሰለች ነገር እንተክላለን፣ አጥንቱ እስኪይዛት ወራት እንጠብቃለን፣ ከዚያ ጥርሱን ከላይ እንገጥማለን። ስኳር አለብዎት?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ የሚባል ስኳር የለም አባባ። መጀመሪያ እሱ መስተካከል አለበት፤ አለበለዚያ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ የተተከለውም ላይይዝ ይችላል። ሦስተኛው የሚወልቀው ነው። ልክዎን ወስደን እናሠራለን፤ ቀን አጥልቀውት ይውላሉ፣ ሲተኙ አውልቀው ውሃ ውስጥ ያኖሩታል። በሁለት ሳምንት ይደርሳል።»

ልቤ ብሎኑ ላይ ነበር። ሐጂ ያለው እሱ ነዋ። ግን ወራት ከጠበቅሁ የዘንድሮው ሽምብራ ያልቃል፤ የመንከሱም ነገር በሐጂ ላይ ይጸናል። በሁለት ሳምንት ግን የመጀመሪያው ሽምብራ ገበያ ሲደርስ እደርስበታለሁ።

«የሚወልቀው ይሁን» አልኩ። «ጥሬ ሽምብራ ይሰብራል?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጥሬ ሽምብራ ለምን ይበላሉ?»

«አልበላም። እነክሳለሁ።»

ሥራዬን አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ፤ ሳቀችም። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «የራስዎ ጥርስ ከሥሩ የሚሰማው ነገር አለ። ምን እንደነከሰ፣ ምን ያህል እንደጠነከረ ያውቃል። ሰው ሠራሽ ያን አይሰማም። የሚተከለውም ቢሆን ያኝካል እንጂ እንደ ራስዎ አይሰማም።»

ይህን ስትል እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን ጥርሷን የገለጠች ሴትዮ እያየሁ ነበር። ሐኪሟ የምትለው ስለ ብርድና ስለ ትኩስ መሰለኝ። የጠዋት ውሃ ባይሰማኝ ይሻለኛል ብዬ አለፍኩት።

ጥርሱ ደረሰ። ላንቃዬን የሚሸፍን ሮዝ ነገር ላይ፣ ቀድሞ የወለቁትንም ጨምሮ፣ አራት ነጫጭ ጥርሶች ተደርድረዋል። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሳቅሁላት።

«አንተ ሰው፣ በቅሎ መሰልክ» አለችኝ።

ባለቤቴ የማክሰኝት ገጠር ልጅ ናት። አባቷ ሽምብራ አምራች ነበሩ። ጥርሷ አንድም ሳይጎድል አለ፤ አጥንት ስትግጥ ውሻ እንኳ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን ስለ ጥርሷ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

የመጀመሪያው የሽምብራ ገበያ ቀን ፎጣዬን ቤት ትቼ ሄድኩ። አንድ ገበሬ ብዙ ጆንያ ደርድሮ ቆሟል፤ እኔም ሐጂም ዓይናችንን ጥለንበታል። ሰው ተሰበሰበ። ሐጂ በአክብሮት መንገድ ሰጠኝ፤ አክብሮቱ ራሱ አናደደኝ።

«በል ጉንፋናሙ፣ ቅደም!» አለኝ።

ፍሬዋን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ነከስኩ። ቋ! እንዲያውም ከድሮዬ የጮኸ። ከሌላ ጆንያ አወጣሁ፣ ቋ! ከሦስተኛው፣ ቋ! ልቤ በደስታ ጠፋ።

«ደረቅ ነው!» አልኩ።

ሐጂ ፊቴን አየት አደረገና በተራው ነከሰ። ቋ!

«ደረቅ ነው» አለ።

ገበሬው ሁለታችንን ተራ በተራ አየን። ትንሽ የገረመው ይመስል ነበር። «እናንተ ካላችሁ ምን እላለሁ» አለና እጁን ለስምምነት ዘረጋ። ግማሹን እኔ፣ ግማሹን ሐጂ ወሰድን። ወደ ጎንደር ስንመለስ በማኪናው ውስጥ ሐጂ ቆሎ ሰጠኝ። ተቀበልኩት። ጥርሴ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ እንጂ፣ እኩል ለእኩል ሆነን ቆረጠምን።

በአሥረኛው ቀን ባለቤቴ ለሽሮ የሚሆን ልትወስድ መጋዘን ገባች። ትንሽ ቆየች። ስትወጣ መዳፏ ላይ ጥቂት ፍሬ ይዛለች።

«ማነው ይህን የነከሰው?»

«እኔ ነኛ።»

አንዷን በፊት ጥርሷ ያዘችና ጫን አለች። ምንም ድምፅ የለም። ዘርግታ አሳየችኝ፤ ተጨፍልቃለች፣ ጠርዟም አረንጓዴ ሻጋታ ይዟል።

«እኔ ስነክስ ቋ ብሏል» አልኩ። «ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«እስቲ ንከሳት» አለችና ሌላ ፍሬ ሰጠችኝ።

ነከስኩ። ቋ! ከአፌ አውጥታ አየቻት፤ እንደ ሊጥ ተለጥፋለች። «ሽምብራዋ ተጨፍልቃ ላይኛው ጥርስህ የታችኛውን ሲመታ ነው የሚጮኸው» አለች። «ጠጠር ብሰጥህም፣ ዳቦ ብሰጥህም ቋ ይላል።»

ሐኪሟ ያለችው ያን ጊዜ ገባኝ፤ የራስ ጥርስ ፍሬዋ መጨፍለቋን ሰምቶ ይቆማል፣ የተገጠመው ግን ከታችኛው እስኪጋጭ ይሄዳል። ከሁሉ በፊት የመጣብኝ ሐሳብ ግን ስለ ራሴ ሽምብራ አልነበረም። ሐጂ የተሻለውን ግማሽ መርጦ ወስዶ ነው አልኩ። ብሎኑ ነግሮት፣ እርጥቡን ለኔ ትቶ። እንዲህ ሳስብ ሻጋታው ከሆዴ የወጣ መሰለኝ።

ሽምብራው በፀሐይ መሰጣት ነበረበት። ያለኝ ሸራ አልበቃ አለ። ሐጂ ትልቅ ሸራ አለው። ሱቁ ግን ተዘግቷል፤ በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ። ቤቱ ሄድኩ። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። «ቤቶች!» ብዬ ገባሁ።

ግቢው ከጫፍ እስከ ጫፍ በሽምብራ ተሸፍኗል። ሐጂ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ባዶ እግሩን፣ በእንጨት ያገላብጣል። አየኝና ደርቆ ቀረ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» አልኩት።

«ለቆሎ ነው።»

«ይሄ ሁሉ?»

«ቤተሰብ በዝቶብኛል። አንተስ ምን እግር ጣለህ?»

«ሸራ ልዋስ። ለተዝካር።»

«የማን ተዝካር?»

በችኮላ የሚሞት ዘመድ አልመጣልኝም። ሐጂ ጠጋ ብሎ ጋቢዬን አሸተተ።

«ሻጋታ ትሸታለህ» አለ።

«አንተም አትሸትም አልልም።»

ሁለታችንም እንጨቱን ተደግፈን ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ሐጂ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። 

«ይሄ ብሎን ምንም አይሰማም» አለኝ። «አጥንት ይሰብራል፣ ግን አይሰማም። አምና ሙሉ አንተን እያየሁ ነው የገዛሁት። ሽምብራው ደረቅ ሲሆን ግራ ቅንድብህ ከፍ ይላል፤ እሱን አይና እኔም ደረቅ ነው እላለሁ። አንተ በሌለህበት ሲጠሩኝ ደግሞ የሻጩን ፊት አነብ ነበር። ዘንድሮም ቅንድብህ ከፍ ብሏል።»

«አፍህን ገልጠህ ስትነክስስ?»

«ያ ለሕዝቡ ነው።»

ከጎኑ ተቀመጥኩ። ከዓመት በላይ የቀናሁበት ጥርስ የኔን ቅንድብ ሲያነብ ነበር የከረመው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ትንሽ ብሎኛልም። ግን ያን ቅንድብ የሚያነሣው ጥርስ የለኝም አሁን። ማንም የለውም። በሚቀጥለው ገበያ ሁለት ሽማግሌዎች ክብ ውስጥ ቆመን፣ ምን እንደሆነ ሳናውቅ ቋ፣ ቋ እንላለን ማለት ነው።

የኔንም ሽምብራ ሐጂ ግቢ አምጥተን አብረን አሰጣነው፤ የዳነው ዳነ፣ ያልዳነውን ጣልነው። ባለቤቴ ከሐጂ ግቢ ሽምብራ ስታገላብጥ የሆነውን ሁሉ ሰማች። «እንግዲያው እኔ እነክስላችኋለሁ» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። እኔ ያልሰማሁ መስዬ ማገላበጤን ቀጠልኩ። ሐጂ ግን «አላህ ይስጥሽ» አለ ወዲያው። ነጋዴ ነው።

በገበያው ቀን ሦስታችን ሄድን። ያ ገበሬ ሌላ ሽምብራ ይዞ እዚያው ቦታው ላይ ቆሟል። ባለቤቴ ወደ ጆንያው ስትጠጋ ወደኔ ዞረ።

«ምነው አያ፣ ዛሬ ደግሞ ሴት ሊያስነክሱን ነው?»

«የምነክሰው ሽምብራህን ነው» አለችው። «አንተን አይደለ፤ ምን አስፈራህ?»

ሰው ሳቀ። ክንዷን እስከ ብብቷ ጆንያው ውስጥ ከታ ከታች አወጣችና ነከሰች። ምንም የለም። 

«እንደገና!» አለ ገበሬው።

ሌላዋን ነከሰች። አሁንም የለም። «ከላይ ያለውን አሰጥተሃል» አለችው። «ከላይ ያለችዋን ብነክስ ቋ ትልልሃለች። ይቺ ዘዴ የአባቴም ዘዴ ነበረች።»

ገበሬው ጭንቅላቱን አከከና እሱም ሳቀ። «እታለም፣ የማን ልጅ ነዎት?» ብሎ ጆንያውን ማሰር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ከማዶ ጠሯት፣ ከወዲህ ጠሯት። «እታለም፣ ወዲህ! እታለም፣ እስቲ ይንከሱልን!» ሐጂ ወደኔ ዘንበል ብሎ «ሸጋ ጥርስ ቤትህ ተቀምጦ፣ አንተ ፕላስቲክ ገዛህ?» አለኝ።  አንድ እጄ የጆንያ አፍ ይዟል፣ ሌላው የሷን ነጠላ። በሐጂ ስቀናና ስናደድ ሱቄ ነበረኝ፣ በሬን እዘጋበት ነበር። በሚስቴ ስቀና ግን ማምሻውን አንድ ማዕድ እንቀርባለን።

ስንመለስ በማኪናው ውስጥ ጉንጯን በመዳፏ ደገፍ አድርጋ አየኋት።

«ምን ሆንሽ?»

«ይቺ የፊቷ፣ ላይኛዋ፣ ዛሬ ትንሽ ነካችኝ።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ ፈራሁ።

በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኳት። ከጥግ ተቀመጥኩ። ሐኪሟ ቀጭን ብረቷን ይዛ ጥርሷን ቀስ ብላ መታ መታ አደረገች። ባለቤቴ ከወንበሩ ዘለለች።

«ይሰማዎታል እናቴ?»

«ምነው አይሰማኝ! እስከ ግንባሬ ነው የተሰማኝ!»

«ጥሩ ነው» አለች ሐኪሟ እየሳቀች። «ጥርሷ ሕይወት አላት። ትሞላለች፣ መንቀል አያስፈልግም።»

እኔ ጥጌ ላይ ሆኜ፣ ማንም ሳያየኝ፣ የተገጠመውን ጥርሴን ባለኝ ኃይል ሁሉ ነከስኩ። ቋ አለ። ምንም አልተሰማኝም። ባለቤቴ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ጉንጯን ይዛ ተቀምጣለች፣ እኔም በሕመሟ ቀናሁ።